የግሪሳዋ ስብ

ጋሽ አብዱረሂም ማሽላቸውን ከወፍ ከሚጠብቁበት ማማ ሥር ሞተው የተገኙት በኅዳር፣ ማለዳ ላይ ነው። ጭንቅላታቸውን ድንጋይ መትቶታል። ቀኝ እጃቸው አንዲት የሞተች የግሪሳ ወፍ ጨብጧል፤ የወጥመዱ ክር ገና ከእግሯ አልወጣም።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሕይወት ከሸዋ ሮቢት ስትደርስ የመንደሩ ሰው የሟቹን ጎረቤት አየለን በገመድ አስሮ ጠበቃት። በድንበር ተጣልተው ነበር፤ ጎህ ሲቀድ ደግሞ አየለ ማማው አጠገብ ታይቷል። ሌላ ምን ይፈለጋል! ለአገሬው ነገሩ አልቆለታል።

የሟቹ ልጅ ሩዋይዳ የመርማሪዋ እግር ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። «በአላህ ይዤዎታለሁ፣ የአባቴን ገዳይ ሳያገኙ እንዳይሄዱ!»

«ኧረ እኔ ወፍ ላባርር ወደ ማሳዬ ስሄድ ነው ያዩኝ!» አለ አየለ። «ማታ ደግሞ ለቅሶ ቤት ነበርኩ፤ መንደሩን ጠይቁ!»

«ስለ ማታው ማን ጠየቀህ?» አለ አንዱ።

«እኔ እጠይቃለሁ» አለች ሕይወት። «ማታ ከሳቸው ጋር ማን ነበር?»

«እኔ» አለ የሩዋይዳ ባል ሰዲቅ። «ራት አመጣሁላቸው። ወፎቹ ማደሪያቸው ገብተው ካለቁ በኋላ፣ በልተው ጋደም ሲሉ ነው የተለየኋቸው። ጎህ ሲቀድም ሱብሂን መስጊድ ነው የሰገድኩት።»

ሕይወት ወፏን ከሟቹ እጅ ፈልቅቃ አወጣች። የደረቷን ላባ በትንፋሿ ገለጥ አድርጋ አየችና ጠቅልላ ያዘቻት። ሟቹ በዚያው ዕለት ተቀበሩ። እሷ ግን ግሪሳዎቹ የሚያድሩበት ቁጥቋጦ ላይ መረብ አስዘርግታ ጀምበር ስትጠልቅ ጥቂት፣ ሲነጋም ጥቂት አስያዘች። ከዚያ የመንደሩን ሰው ሁሉ ማማው ሥር ሰበሰበች።

«ይቺ የትናንት ማታ ናት። አንገቷ ሥር ቢጫ ስብ ሞልቷል። ይቺ ደግሞ አሁን ጎህ ሲቀድ የተያዘች፤ ተመልከቱ፣ ቀይ ሥጋ ብቻ። ግሪሳ ቀን የበላችውን ስብ አድርጋ ታከማቻለች፤ ሌሊቱን የምትገፋው እሱን እያነደደች ነው። እንደ አሁኑ ሌሊቱ ሲረዝምና ሲቀዘቅዝ ማታ ማታ ይብስ ትሰባለች። ሲነጋ ግን ባዶዋን ናት።»

«የጋሼ ወፍስ?» አለ አየለ።

«ስቧ እንዳለ ነው። ማታ ሞታለች።»

«ማታ ይዘዋት ጠዋት ቢወድቁስ?» አለ ሰዲቅ።

«በሕይወት ብታድር ስቧን ትጨርስ ነበር። የሞተች ወፍ ጨብጦስ ራት በልቶ ጋደም የሚል ማነው? ክሩም ገና እግሯ ላይ ነው፤ የወደቁት ሲያላቅቋት፣ ወፎቹ ሳይገቡ ነው። ያን ጊዜ አየለ ለቅሶ ቤት ነበር። እዚህ የነበርከው አንተ ነህ።»

አየለን ፈቱት። ይቅርታ የጠየቀው ግን አንድም ሰው የለም፤ ጉድ እኮ ነው!

ሰዲቅ መሬት ላይ ዘጭ አለ። «አልገፋኋቸውም፣ ወላሂ! ወባ ይዟቸው ያንቀጠቅጣቸው ነበር። ውረዱ ብላቸው፣ ‹ወፉ ሳይገባ ጠባቂ ማማውን አይለቅም› አሉኝ። ወፏን ከክሩ ሊያላቅቁ ጎንበስ ሲሉ እግራቸውን ይዤ ሳብኩ…»

«ለምን? ምን አደረጉህና ነው የምትስባቸው?» ሩዋይዳ ጮኸች።

ሰዲቅ ቀና ብሎ አያት። «‹አባቴን ሳታወርድ ቤት እንዳትመጣ› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? ይህን እንዳትሰሚ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሕይወት ካቴናውን አወጣች። ሩዋይዳ ሁለቱን እጆቿን አስጠግታ ዘረጋችላት።

«እኔንስ? እኔንስ ለምን አያስሩኝም?»

ሕይወት የሩዋይዳን እጆች ቀስ ብላ ዝቅ አደረገችና ካቴናውን በሰዲቅ እጅ ላይ ቆለፈች።