አራተኛው መስመር

ደጀኔ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንደ ወትሮው በሬዲዮ ጣቢያው የኋላ በር ገባ። በፊት ለፊቱ በር መግባት ከተወ ስድስት ዓመቱ ነው። ማንም አልከለከለውም፤ እዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ፎቶግራፎች እያየ ማለፍ ስለማይወድ ነው። ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ የሠራ ሁሉ ተሰቅሏል፣ ሾፌሩ ሳይቀር መኪናውን ተደግፎ እየሳቀ ይታያል። የደጀኔ ፎቶ የለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «የቀትር ሸንጎ» ለሚባለው የውይይት ፕሮግራም ስልክ ሲያነሳ ኖሯል። ይህ ከተማ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ውሃ መጥፋት የተነጫነጨው ሁሉ መጀመሪያ የተነጫነጨው ለእሱ ነው። እሱ ስም ይቀበላል፣ በብጣሽ ወረቀት ይጽፋል፣ ወረቀቱን በመስታወቱ ሥር ለአቅራቢው ያሾልካል። ድምፁ ግን አንድም ቀን አየር ላይ ውሎ አያውቅም። ኮምፒውተሩ መጥቶ ስቱዲዮው ወደ ላይ ሲዛወር ደግሞ እሱን የካሴት ጠባቂ ብለው ምድር ቤት አስቀሩት።

ዛሬ ግን ሸሚዙን ተኩሶ ነው የመጣው።

«ጋሽ ደጀኔ፣ ሬዲዮ ላይ ሊወጡ ነው አሉ» አለው ጥበቃው ኩምሳ፣ የደጀኔን ሞባይል እንደየጠዋቱ ተቀብሎ ቻርጅ ላይ እየሰካ። ምድር ቤት ኔትወርክ የለም። «ከዚህ በኋላማ ሰላምታችንንም አይቀበሉን።»

«ድሮስ መቼ ሰላም ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ኩምሳ ሳቀ። «ብቻ አይቆዩብኝ። ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉንም ቆልፌ አገር ቤት ልሄድ ነው። በዓሉን ኮምፒውተሩ ብቻውን ነው የሚያስተላልፈው፣ እስከ ማክሰኞ ሰው የለም።»

«የታች ስቱዲዮ በር እኮ ከውስጥ እጀታ የለውም። ለስርጭቱ ዝጋው ብለውኛል።»

«እሱ ምን ችግር አለው። ሬዲዮው እዚሁ አጠገቤ ነው። ድምፅዎን እንደሰማሁ ወርጄ እከፍትልዎታለሁ።»

ነገሩ የመጣው ከብሌን ነው። ብሌን የፕሮግራሙ አዘጋጅ ናት፣ ጣቢያው ሲከፈት ገና ያልተወለደች። የሃያ አምስት ዓመቱን ታሪክ እየሠራች ነበርና ባለፈው ሳምንት ምድር ቤት ድረስ ወርዳ፣ አፍንጫዋን በሻርፕ ይዛ፣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ካሴቶች እንዲፈልግላት ለመነችው። እምቢ ሊለው የማይችለውን ቃልም ሰጠችው። «ቅዳሜ በቀጥታ ስርጭት እናስገባዎታለን፣ ጋሽ ደጀኔ። ከድሮው ስቱዲዮ፣ በድሮው ስልክ። አምስት ደቂቃ የእርስዎ ነው፣ ስምዎን ይናገሩ፣ ያዩትን ያውሩ።» ቴክኒሻኑም መጥቶ ከአሮጌው የስልክ ሳጥን ስድስት መስመሮች አንደኛውን ብቻ ወደ ላይ ቀጠለው። የቀሩት አምስቱ ገመዶች ተቆርጠው ከጠረጴዛው ኋላ እንደ ሞተ እባብ ተንጠልጥለዋል። የቆረጣቸው ደጀኔ ራሱ ነው፣ ምድር ቤት ያስቀሩት ቀን፣ በንዴት።

ደረጃውን ወረደ። የምድር ቤቱ ሽታ ከታችኛው ደረጃ ላይ ይቀበለዋል፤ የረጠበ ምንጣፍ፣ የአይጥ ሽንት፣ ከካሴቶቹም ውስጥ የሚወጣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ነገር። የድሮው ስቱዲዮ ግድግዳና ጣሪያ ድምፅ እንዳያስተጋባ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ ነው፣ ካርቶኑም ከዕድሜ ብዛት ጠቁሮ ረግቧል፤ እዚያ ውስጥ የተናገሩት ቃል ከከንፈር ሳይርቅ ይሞታል፣ ሲያስሉ እንኳ ሳሉ የሌላ ሰው ይመስላል። በሩን በካሴት ሣጥን አስደግፎ ገርበብ አደረገው። ተቀመጠ። ለብሌን የሚሰጣቸውን ካሴቶች የመጨረሻ ጊዜ ሊሞክራቸው መጀመሪያውን ከተተ።

የወንድይራድ ድምፅ ወጣ። ያ ከተማውን ያሳበደ ድምፅ፣ ቅቤ የጠጣ። ወንድይራድ ሃያ ዓመት ሸንጎውን የመራ ሰው ነው፣ አሁን ጡረታ ወጥቶ በየስብሰባው ሽልማት ይቀበላል። ደጀኔ ጥርሱን ነክሶ አዳመጠ። ወንድይራድ ሲስቅ፣ ከሳቁ ሥር አንድ ነገር ሰማ። ትንፋሽ ነው። ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው ትንፋሽ። በዚያን ዘመን አንዱን ካሴት ደጋግመን እንቀዳበት ነበር፣ የድሮው ሳይጠፋ ቀርቶ ይሆናል ብሎ አለፈው።

ሁለተኛው ካሴት በሌላ ዓመት፣ በሌላ ማሽን የተቀዳ ነበር። ትንፋሹ አለ። እንግዳው ይናገራል፣ ወንድይራድ ያቋርጠዋል፣ ማስታወቂያ ይገባል፣ ትንፋሹ ከማስታወቂያው ሥር ሳይቀር አብሮ ይሄዳል። ሦስተኛው ላይ ትንፋሹ መሃል መሃል ቆም እያለ፣ ርቆ፣ ቆርቆሮ በጣት አንጓ ሲንኳኳ ይሰማል። ሦስት ጊዜ። ዝም። ሦስት ጊዜ። ደጀኔ ካሴቱን አቆመው። ካሴቱ ቆሞም አንዴ የተንኳኳ መሰለውና ወደ በሩ ዞረ፤ ገርበብ ያለው በር እንደተወው ነው፣ ኮሪደሩም ባዶ።

ተመልሶ ሲዞር ነው የስልክ ሳጥኑን ያየው። ቡናማው ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አቧራውን ለብሶ ተቀምጧል። ከስድስቱ ትንንሽ ቀይ መብራቶች አንዱ ብልጭ፣ ጥፍት ይላል። ሰው እየጠበቀ ነው ማለት ነው። የሚበራው ቴክኒሻኑ የቀጠለው አንደኛው አይደለም። አራተኛው ነው። ጎንበስ ብሎ ከኋላ ያለውን ገመድ በእጁ ዳበሰ። የተቆረጠው ጫፍ መዳፉ ላይ ቀረ።

አራተኛውን መስመር ያውቀዋል።

የማሰናበት ደንብ የእሱ የራሱ ነበር። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ስድስቱም መስመሮች ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ይቀራል። ሌላ ጣቢያ ቢሆን ዝም ብለው ይጠረቅሙታል፤ ደጀኔ ግን አንድ በአንድ እያነሳ፣ «ሰዓታችን አልቋል፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ሌላ ቀን ይሞክሩ» ሳይል ወደ ቤቱ ሄዶ አያውቅም። ካልተሰናበተ ሰውዬው ይጠብቃል ይል ነበር፣ ይሄ ሕዝብ ጠብቁ ካሉት ይጠብቃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ሰው ሳያሰናብት ቀርቶ አያውቅም። ከአንድ ቀን በስተቀር።

ያም ቀን ቅዳሜ ነበር፣ በበዓል ዋዜማ። ደጀኔ አንድ ሰካራም ሳያውቅ አሳልፎ ወንድይራድ አየር ላይ ተሰደበ፤ ወንድይራድም ከተማው ሁሉ እየሰማ፣ «ስልክ አንሺያችን ስምንተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ የወደቀ ነው፣ ይቅር በሉት» አለና ሳቀ። ከመስታወቱ ወዲያ ያሉትም ሳቁ። ያኔ ነው አራተኛው መስመር የጠራው። ሴት ነበረች፣ ጠና ያለች። መጋዘን ጠራጊ ነኝ አለች፣ ሳያዩኝ ቆልፈውብኝ ሄዱ፣ ማንበብ አልችልም፣ የማውቀው ቁጥር በዘፈን የምትሉትን ይሄንኑ ብቻ ነው። ደጀኔ፣ «ለማን ልንገርልዎት?» አላት። «ልጄ፣ አንተን አይደለም» አለችው፣ «ያንን ትልቁን ሰውዬ አገናኘኝ።»

አንተን አይደለም። ጆሮው እስካሁን ይግላል።

«ይጠብቁ፣ ተራዎ ሲደርስ እንጠራዎታለን» ብሎ መስመሩ ላይ አንጠለጠላት። ወረቀት አልጻፈም። ፕሮግራሙ አለቀ፣ አምስቱን አሰናበተ፣ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ከሦስት ቀን በኋላ ሲመለስ አራተኛው መብራት ብልጭ ጥፍት ይል ነበር። አነሳው፣ ትንሽ አዳመጠ፣ መልሶ አስቀመጠው። በዚያ ሳምንት ጋዜጣ አላነበበም። ከዚያም ወዲህ ጋዜጣ አያነብም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ከላይ የጄኔሬተሩ ጉርምርምታ በኮሪደሩ በኩል ይገባል። ስልኩ አንዴ ጮኸ፣ አንደኛው መስመር።

«ጋሽ ደጀኔ፣ ዝግጁ ነዎት?» ብሌን ናት፣ የምትናገረው እየሮጠች ይመስላል። «ጄኔሬተሩ ይሰማል፣ በሩን ይዝጉት እስቲ።»

የስልኩን እጀታ እንደያዘ ሄዶ የካሴት ሣጥኑን ከበሩ ሥር በእግሩ ገፋው። ከባዱ በር ቀስ ብሎ፣ አየሩን እየገፋ ተዘጋ፤ ጆሮው ውሃ ውስጥ እንደገባ ሁሉ ደፈን አለ።

«ጎበዝ። እንግዲህ ይጠብቁ፣ ተራዎ ሲደርስ እንጠራዎታለን። ስልኩን እንዳይለቁት፣ ከተቋረጠ ሌላ ሰው እናስገባለን።»

አንደኛው መብራት ብልጭ፣ ጥፍት ማለት ጀመረ። በእጀታው ውስጥ ፕሮግራሙ ይሰማዋል። የዕለቱ እንግዳ ወንድይራድ ነው። አራተኛው መብራት አሁን ፈጠን ብሏል፣ ልክ ጥሪ ሊቋረጥ ሲል እንደሚያደርገው። ማሰናበት ይቻላል ብሎ አሰበ። አራትን ተጭኖ ሁለት ቃል መናገር ነው፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ሳጥኑ ያለው አንድ እጀታ ነው፤ አራትን ከተጫነ አንድ ይቋረጣል፣ አምስቱ ደቂቃ ይሄዳል፣ ሃያ አምስት ዓመት ይሄዳል። ለማን ብሎ። አንተን አይደለም ላለችው። ወንበሩን አዞረና ለመብራቱ ጀርባውን ሰጠው። ግድግዳው ላይ፣ በጠቆሩት የእንቁላል ካርቶኖች ጉድጓድ ሁሉ ውስጥ፣ ቀዩ ብልጭታ ሲመላለስ ያያል።

ወንድይራድ ታሪኩን አወራ። የመጀመሪያውን ማይክሮፎን ማን እንደተከለው፣ የመጀመሪያው ሾፌር ማን እንደነበር፣ ሻይ የምታመጣው ሴትዮ ስሟ ማን እንደሆነ አንድ በአንድ ጠራ። ደጀኔ ትንፋሹን ይዞ ስሙን ጠበቀ። «ያኔ ሰው የለን፣ ምን የለን» አለ ወንድይራድ፣ «ስልኩንም የማነሳው እኔው ራሴ ነበርኩ።» ብሌን ሳቀች። ጉሮሮውን ጠራርጎ የተዘጋጀው ደጀኔ ሳይጠራ ለሰባት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሆነ፣ ከዚያ የመዝጊያው ሙዚቃ ገባ።

«ሄሎ» አለ። «ብሌን፣ አለሁ እኮ።»

ማንም አልመለሰም፣ ማንም ግን አልዘጋውም። ላይ ቤት ያለው ስልክ ክፍት እንደሆነ ተረስቶ ሁሉም ነገር በእሱ በኩል ይወርዳል። ወንበር ይጎተታል። ኬክ ይቆረጣል። «ያልጠራነው ሰው አለ እንዴ?» የምትለው ብሌን ናት። «የለም የለም፣ ሁሉንም ጠርተናል» አለ ወንድይራድ አፉ ሞልቶ። በር ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ጫማዎች ራቁ። ከዚያ የቁልፍ ዘለላ ድምፅ፣ የኩምሳም ድምፅ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ጋሽ ደጀኔ ሳይናገሩ ቀሩ። ተናደው ሄደዋል ማለት ነው፣ ስልካቸውንም ረስተው።»

«ኩምሳ» ብሎ ጮኸ። «እዚህ ነኝ፣ ታች።» ካርቶኑ ቃሉን ዋጠው።

መብራቱ ጠፋ። ኩምሳ የምድር ቤቱን ቆጣሪ ከላይ አጥፍቶ ነው የሚሄደው። ጨለማው ሲመጣ ሽታው አብሮ የወፈረ መሰለ፣ የረጠበው ምንጣፍ አፉ ድረስ ወጣ። ተነስቶ በሩን ዳበሰው፣ እጀታ የነበረበትን ቀዳዳ በጣቱ አገኘ፣ በጥፍሩ ጎረጎረው። በጣቱ አንጓ መታው። ሦስት ጊዜ። ዝም አለና አዳመጠ። ሦስት ጊዜ። ምን እያደረገ እንደሆነ ሲገባው እጁን ከበሩ አነሳ።

ተመልሶ የስልኩን እጀታ አነሳ። ቁጥር ለመደወል ሞከረ፤ ከላይ ያልተዘጋ መስመር ከታች አይለቅም። «ሄሎ» አለ፣ «ሰው ካለ ኩምሳን ጥሩልኝ፣ በር ተዘግቶብኛል።» መስመሩ ላይ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማ። ከዚያም ድካም ያለበት፣ ወጣት፣ ኩርፊያ የያዘው የወንድ ድምፅ መጣ። የገዛ ድምፁን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም።

«ይጠብቁ፣ ተራዎ ሲደርስ እንጠራዎታለን።»

ጨለማው ውስጥ ሁለት ቀይ ነጥቦች ብቻ ናቸው ያሉት፣ አንድና አራት፣ አሁን እኩል ብልጭ፣ እኩል ጥፍት የሚሉ። አራትን ተጫነ። ለእሷ ሳይነገር ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ቃል ነው፣ ግን በቃሉ ያውቀዋል። «ሰዓታችን አልቋል» አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ። ይዝጉት። ሌላ ቀን…»

እጀታው ውስጥ ምንም አልነበረም፣ ትንፋሹም ቆሟል። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ ከስልኩ ሳይሆን ከአጠገቡ፣ ትከሻውን ሊነካው ከሚችል ቅርበት፣ ጠና ያለች ሴት በለሰለሰ ድምፅ፣ «አይዞህ ልጄ፣ አትጩህ፣ ተራ ነው፤ ከፊትህ እኔ አለሁ» አለችው።