የኮኩን ትርጉም

ናኦልን የወደድኩት ሲሳሳት ነው። በ1999 ዓ.ም. ኩዌት፣ ማንጋፍ ውስጥ እኛ ክርስቲያኖች ለዓርብ ጸሎት በተከራየነው ፎቅ ቤት፣ የሕንዳዊውን ሰባኪ እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይመልስልን ነበር። ሰባኪው «ኮኩን» ሲል ናኦል ቆመ፤ ላብ አጠመቀውና «የትል መቃብር» አለን።

ሳቄ አመለጠኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እሱም አየኝ።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ።

«ምን አሳቀሽ?»

«መቃብር አይደለማ። አርባ ምንጭ የሐር ልማት ላይ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ትሏ የጉሎ ቅጠል በልታ ስትጠግብ፣ ከአፏ በምታወጣው ክር ራሷን ትሸፍናለች። እዚያ ውስጥ ሆና ክንፍ ታበቅላለች። ቤቷ ነው።»

«በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ?»

«ኮኩን።»

አሁን ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ወዲያ በየዓርቡ ስለዚያ ቃል አንድ ነገር ይዞልኝ ይመጣል። ከሚሠራበት ሞባይል ቤት ኮምፒውተር ላይ ፈልጎ ነው። አንዴ ከፈረንሳዮች የመጣ ነው አለኝ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጥንት የእንቁላል ቅርፊት ማለት እንደነበር ነገረኝ። ዐረቦቹ ሸርነቃ እንደሚሉት ግን እኔ ነኝ አሠሪዬን ማዳምን ጠይቄ የነገርኩት። እውነቱን ለመናገር ለቃሉ ግድ አልነበረኝም። አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሲያወራልኝ ዓይን ዓይኑን አያለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሙባረክ አል-ከቢር በሚባለው ሰፈር የማዳምን ልብስ ስተኩስ፣ የማስበው ያቺን ሩብ ሰዓት ነበር።

ጥቅምት ላይ አባቴ ደወለ። አንድ መምህር ሽማግሌ ልኮብኛል፤ ሽማግሌዎቹ እሑድ ለመልስ ይመጣሉ። ዓርብ ለናኦል ነገርኩት።

«የፊታችን እሑድ?» አለ።

«የፊታችን እሑድ። ሌላ ሰው ካለሽ ንገሪኝ ብሎኛል አባቴ። ምን ልበለው?»

አውቶቡሱ የሚመጣበትን መንገድ አየ። የታናናሾቹ ትምህርት በእሱ ትከሻ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ጠብቂኝ ቢለኝ ዐሥር ዓመትም እጠብቀው ነበር። አውቶቡሴ ብቅ ሲል ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ቃሉ ሌላም ትርጉም አለው። ሰውን ከክፉ ነገር ሸፍኖ መጠበቅ ማለትም ነው።»

«ናኦል፣ የሰው ቃል መተርጎም አይደክምህም? የራስህን መቼ ነው የምትናገረው?»

ወረቀቱን ሳልቀበለው ተሳፈርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ወጥ ቤት ሆኜ ስልኬ ጠራ።

«እምነት፣ እወድሻለሁ» አለ፤ ሰላምታም አላስቀደመም። «ለአባትሽ ንገሪልኝ። እኔም ሽማግሌ እልካለሁ።»

ምድጃውን አጠፋሁና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«አባቴ እሑድ ቃሉን ሰጥቷል» አልኩት። «ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ስልኬን ከእጄ ሳላወርድ ነው የዋልኩት።»

እሱም አልዘጋ፣ እኔም አልዘጋሁ። ማዳም ሁለቴ እስክትጠራኝ ድረስ ትንፋሹን አዳምጥ ነበር።