«ማንም አያይሽም» አልኳት

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ከራሴ አንድም ነገር አልጨመርኩም። የቀነስኩት ስም ብቻ ነው... የሰዎቹንም፣ የሰፈሩንም።

ጨለማ የለበትም። መብራት አልጠፋም፣ ዝናብ አልዘነበም። ሁሉም የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤቴ ውስጥ።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ታናሽ እህቴ ቆማለች።

አንድ ቦርሳ ይዛለች። ያደረገችው ጫማ የጎረቤት ነው፤ ሰፍቷት በየደረጃው እየወለቀባት ነው የወጣችው። ከቤቷ በባዶ እግሯ ነበር የሮጠችው።

«እትዬ... ማንም እንዳያውቅ» አለችኝ፣ ገና ሳትቀመጥ።

እጅጌዋን ሰበሰብኩት። ክንዷ ላይ የአምስት ጣት ምልክት አለ። ጠቁሯል።

ባሏን የሚያውቅ ሰው አያምነኝም። ሰው ፊት ድምፁ አይሰማም። ለትልቅ ሰው ከወንበሩ ይነሳል፣ የጎረቤት ዕቃ ይሸከማል። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ስልኳን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች ያነበዋል። ለማን ደወልሽ... ምን ፈለግሽ... ይህን ለምን አየሽ...

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖራለች።

ሲም ካርዷን አውጥቼ በመቀስ ቆረጥኩት። መጋረጃ ዘጋሁ። ከቤት እንዳትወጣ፣ በመስኮት እንኳ እንዳትታይ ተስማማን።

በማግስቱ ባሏ መጣ።

እህቴ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች። እሱ ደጃፉ ላይ አንገቱን ደፍቶ «እባክሽ፣ ካለች ንገሪኝ» ይለኛል።

«ከበዓል ወዲህ ዓይኗን አላየሁም» አልኩት። ለማስመሰል ልቅሶ ጀመርኩ፤ ልቅሶው ግን የእውነት ሆኖ አረፈው።

አመነኝ። አመስግኖኝ ወረደ። በመጋረጃው ጥግ ስመለከት ምድር ቤት ካለችው ክፍል ደጃፍ ላይ ቆሟል። ወንበር አወጡለት። ውሃ ሰጡት።

ደግ ሰዎች ናቸው ብዬ አለፍኩት።

ያቺ ክፍል የጋሼ መስመር ናት። እንዲህ ነው የምንጠራቸው። ከአንድ ድርጅት ትልቅ መስመር ወስደው ለአራት ሕንፃ ኢንተርኔት የሚያከፋፍሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ገመዱን በየቤታችን የቀጠሉት በገዛ እጃቸው ነው። ቀና ሰው ናቸው። አምና ታምሜ ደረጃው ላይ ስወድቅ ደግፈው ሐኪም ቤት ያደረሱኝ እርሳቸው ናቸው።

እሑድ ማታውን ላፕቶፔን ለእህቴ ሰጠኋት። ሥራ፣ ጠበቃ፣ የምትሄድበት ከተማ... የምትፈልገው ብዙ ነው።

እጇ ግን ቁልፎቹ ላይ አልሄድ አላት። ባሏ አጠገቧ ያለ ያህል።

«በዚህ ግቢ» አልኳት። ያን ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩላት፤ ኢንኮግኒቶ የሚሉትን። «ስትዘጊው ያየሽው ሁሉ ይጠፋል። ማንም አያይሽም።»

እኔ ነኝ ያልኳት። በገዛ አፌ።

በሁለት ጣት መጻፍ ጀመረች። ጥቂት ቆይታ ቀና አለች።

«እትዬ... ካገባሁ ወዲህ ብቻዬን ስሆን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ከጋሼ መስመር ጋር ተገናኘን።

«እንግዳ መጣልሽ እንዴ፣ ልጄ?»

«ኧረ የለም... ምነው?»

«አንቺ ሥራ ላይ ነሽ፤ ቤትሽ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ ይዞ ይውላል። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ።»

ላፕቶፑን ከፍቼ ረስቼው ወጥቼ ይሆናል አልኩ።

«ይሆናል» አሉ። ፈገግ ብለው አለፉኝ።

ሐሙስ ደግሞ ጠሩኝ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ምስጢር እንደሚነግር ሰው...

«ያ የአውቶቡስ ድርጅት ወንበሩ ወገብ ይቆርጣል። ሌላ ብትፈልጊ ይሻላል።»

ስለ አውቶቡስ ለማንም አልተናገርኩም።

ወደ ላይ ሮጥኩ። «የአውቶቡሱን ነገር ለማን አወራሽ?»

«ለማን አወራለሁ? መስኮቱ ላይ ብቻ ነው ያየሁት። ወዲያው ዘግቼዋለሁ።»

ላፕቶፑን ከፍቼ ያለፈውን ፈተሽኩ። ምንም የለም። አንድ መስመር እንኳ።

ባዶ መሆኑ ነው ያስፈራኝ።

የምሠራው የጥርስ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ በጀሶና በሰም የሰው ድድ ስቀርጽ እውላለሁ። የሠራነውን ጥርስ ለየክሊኒኩ የሚያደርስ ሾፌር አለን፤ ዝምተኛው እንለዋለን። አፍ በሚሠራበት ቤት አፉን የማይከፍተው እሱ ብቻ ነው። ድሮ ኢንተርኔት ድርጅት ውስጥ ገመድ ይዘረጋ ነበር።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ሣጥን ሊወስድ ሲመጣ ያዝኩት።

«ያ ጥቁሩ መስኮት... ከማን ነው የሚደብቀው?»

«ካንቺ ቀጥሎ ላፕቶፑን ከሚከፍተው ሰው።»

«ከሌላስ?»

«ከሌላ ከማንም አይደብቅም።»

ሣጥኑን አስቀምጦ አየኝ። ያን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

«መስመር የሚሰጥሽ ሰው የምታንኳኪውን በር ሁሉ ያያል። ውስጥ ገብተሽ የምታወሪውን ብዙውን ጊዜ አይሰማም። ግን የትኛው በር፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ... ይሄ እሱ ጋ ይቀራል። መስኮቱን ስትዘጊው የሚጠፋው ካንቺ ቤት ነው። ከእሱ ቤት አይደለም።»

«መከላከያ የለውም?»

«ቪፒኤን የሚባል አለ። ያኔ እሱ የሚያየው አንድ በር ብቻ ነው። ግን በሮቹን በእሱ ፋንታ ቪፒኤኑን የሚሰጥሽ ሊያያቸው ይችላል። ማንን እንደምታምኚ ትመርጫለሽ እንጂ... ጭራሽ አለመታየት የሚባል ነገር የለም።»

እሑድ ያየሁት ወንበር ትዝ አለኝ። ያ ውሃ።

የለበስኩትን ነጭ ገዋን ሳላወልቅ ወጣሁ።

ቤቴ ስደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ሕንፃው ጭር ብሏል። ደረጃው ላይ ማንም የለም።

ከቤቴ በር ፊት ግን አንድ ነገር ተቀምጧል...

ነጠላ ጫማ።

ሰማያዊ ነው። የግራው ማሰሪያ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። የእህቴ ነው። ባሏ ቤት ትታው የሮጠችው።

ጎን ለጎን ተስተካክሎ ተቀምጧል። አፍንጫው የዞረው ወደ ደረጃው ነው... ከቤት የሚወጣ ሰው እግሩን እንዲከትበት።

በቁልፌ ከፈትኩ። እህቴ ወለሉ ላይ፣ በሩ ጀርባ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«አየሽው?» አለች በሹክሹክታ።

«ማንን?»

«አላንኳኳም። አልጠራኝም። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ቆሟል... ትንፋሹ ይሰማኛል።»

«ሄዷል የኔ እመቤት። ማንም የለም።»

ራሷን ነቀነቀች።

«አልሄደም፣ እትዬ። ሲሄድ ኮቴ አልሰማሁም።»

በሩን ቆልፌባት ወደ ምድር ቤት ወረድኩ።

ጋሼ መስመር ጠረጴዛቸው ላይ ገመድ ይልጣሉ። ከጀርባቸው ስክሪን በርቷል።

«ምን ነገሩት?» አልኳቸው። በዚያች ሰዓት እንኳ «አንተ» ማለት አቃተኝ።

«ማንን?»

«ባሏን።»

ቢላዋውን አስቀመጡ። አልደነገጡም።

«ትዳር ነው፣ ልጄ። ሰውዬው እፊቴ አለቀሰ። አይቼ ልንገርህ አልኩት። አይቼም፣ አለች አልኩት፤ ደህና ናት፣ አትስጋ። ጠበቃ እየፈለገች መሆኑን ስነግረው በጣም አዘነ። ሳይፈርስ ድረስበት አልኩት።»

«አውቶቡሱንስ?»

«መንገድ ላይ እንዳትጉላላ ብዬ...»

«ይደበድባታል፣ ጋሼ።»

ወደ ስክሪኑ ዞሩ። የእውነት እንደሚፈልግ ሰው ዝቅ ብለው ተመለከቱት።

«እሱ ነገር እዚህ ላይ የለም» አሉ።

እኔም አየሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ በር አሥራ አንድ። ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ። የጠበቃው ድርጅት አራት ጊዜ። አውቶቡሱ ስድስት ጊዜ።

ከሥሩ ደግሞ የኔ አለ። የአምናው ሁሉ። ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩት ሕመሜ፣ እኔም በጥቁሩ መስኮት ተደብቄ የገባሁበት የክሊኒክ ስም... ተደርድሯል።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ሐኪም ቤት ያደረሱኝ ቀን የት ጋ እንደሚያመኝ አልጠየቁኝም። ቀጥታ ወደ ትክክለኛው ክፍል ነው የወሰዱኝ።

ሳልሰናበታቸው ወጣሁ።

ለዝምተኛው ደወልኩ። ምንም ሳይጠይቅ «አሥር ሰዓት ላይ» አለኝ።

እህቴን የኔን ነጭ ገዋን አለበስኳት። ማስክ አደረገች፣ ፀጉሯን በኮፍያ ሸፈነች። ለሥራ ቤት ያመጣሁትን፣ የጀሶ መንጋጋ የሞላበት ሣጥን አስታቀፍኳት። ቁመታችን እኩል ነው።

«አንገትሽን እንዳትደፊ። ሥራ እንደረፈደበት ሰው ሂጂ።»

«እትዬ...»

«ሂጂ።»

ስትወርድ ደረጃው አፍ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ምድር ቤት ስትደርስ የጋሼ መስመር ድምፅ ተሰማ።

«አትቀየሚኝ፣ ልጄ። እህትሽን ሰላም በይልኝ።»

እኔ መስለዋቸው ነው። መኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ። ተነሳ። ራቀ።

ባሏ ሦስት ቀን ሙሉ አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ተቀምጦ እንደዋለ በኋላ ሰማሁ።

ዝምተኛው ሰኞ ሥራ ገባ። «ደርሳለች» አለኝ።

የት እንደሆነ ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት እጄን ዘረጋሁ።

«አትንገረኝ።»

ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ የሞተች ያህል ነው ያለቀስኩት። ሰባት ወር ሆነ። ያለችበትን ከተማ አላውቅም። ስሟን የትም አልጻፍኩም፣ የትም አልፈለግኩትም። ዘጠኝ ዓመት ባሏ ሲለያየን ኖረ፤ የቀረውን እኔና አንድ ደግ ሽማግሌ ጨረስነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። እሱን ነግሬአችሁ ላብቃ።

እሷ በሄደች በሳምንቱ፣ ቅዳሜ፣ መስመሩን አስቆረጥኩ።

ጋሼ መስመር ራሳቸው መጡ። ራውተሩን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት። ገመዱ ከሶፋው ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ ባለች ጣት በምታህል ቀዳዳ ነው ወደ ኮሪደሩ የሚወጣው፤ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል።

«ከታች ሆኜ እስበዋለሁ» አሉ። «እንዳይጠላለፍ ብቻ እይልኝ።»

በሩን ቆለፍኩ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

ብዙም ሳይቆይ ገመዱ ተንቀሳቀሰ። ትንሽ ሄደ... ቆመ። ደግሞ ሄደ። እየተጎተተ በቀዳዳው ይገባል።

በዚህ መሀል ከውጭ ሳቅ ሰማሁ። የጋሼ መስመር ሳቅ ነው።

ብድግ ብዬ በመስኮት አየሁ። መንገዱ ማዶ ቆመዋል። ከዳቦ ሻጩ ጋር ያወራሉ። እጆቻቸውን ኋላቸው ላይ አጣምረዋል።

ዞርኩ።

ገመዱ ይሄዳል።

አልቸኮለም። አንድ ክንድ ቀረው... አንድ ስንዝር ቀረው... ጫፉ ወለሉን እየፋቀ ሄዶ ቀዳዳው ውስጥ ገባ።

በጉልበቴ ሄጄ ዝቅ አልኩ። ኮሪደሩ ሰፊ መስኮት አለው፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ሞልቶበት ይውላል። ቀዳዳው ብርሃን ማሳየት ነበረበት።

ጨለማ ነው።

ትንፋሼን ያዝኩ። ከወዲያ በኩል ምንም አይሰማም።

እንደዚያ ሆነን ቆየን... ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ብርሃኑ ገባ። ኮቴ ግን አልሰማሁም።