በምድጃው እግር ሥር

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ቅዳሜ ጠዋት አዲሱ የኤሌክትሪክ ምድጃ ፊት ወድቀው ተገኙ፤ ባዶ እግራቸውን፣ እርጥብ የወለል ጨርቅ በእጃቸው እንደያዙ። ኢንስፔክተር ከሪማ ሰኞ ዕለት ደሴ ወዳለው የሟቿ ቤት ስትመጣ ቀብሩ አልቋል። ምድጃውን ሐሙስ የገጠመው የኮምቦልቻው ሀፊዝ ታስሯል። ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው። ምድጃው በሁለት የሲሚንቶ መደቦች መካከል ገብቷል። አሮጌው ጠበብ ያለ ስለነበር፣ ሀፊዝ አንዱን መደብ ሁለት ጣት ያህል በመሮ ጠርቦለታል። እንዲያም ሆኖ በጎኑ እጅ አያስገባም።

ባልየው አቶ እንድርያስና ልጃቸው ሊዲ በሩ ላይ ቆመዋል። ሁለቱም አያለቅሱም።

«ከሐሙስ ወዲህ ምድጃውን የነካ አለ?»

«አርብ ጠዋት ለኮስኩት» አለች ሊዲ። «የቆጣሪው ብሬከር ሦስቴ ወረደ፤ ሦስቴም አነሳሁት። ከሥራ ስመለስ ግን መውረዱን ትቷል።»

«እርስዎስ፣ ጋሽ እንድርያስ?»

«እኔ ወጥ ቤት ምን አገባኝ?»

«አባዬ?» አለች ሊዲ፤ «አምፖል እንኳ ቀይሮ አያውቅም። እማዬ ‹የፋብሪካው ባል› ነበር የምትለው።»

ከሪማ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየች። ወጣቱ እንድርያስ ከሦስት ሰዎች ጋር አንድ ግዙፍ ማሽን ተደግፏል።

«ይህን ያህል ብረት አራት ሰው ብቻ ነው የተከለው?»

«ኮምቦልቻ ሠላሳ ዓመት ስንተክል ኖረናል። ጉልበት አይደለም፣ ዘዴ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ለአፍታ ሞቅ አለና መልሶ ቀዘቀዘ።

ሁለት ፖሊሶች ምድጃውን ወደ ላይ አንስተው አወጡት። በስተጀርባው የመሬት ሽቦው ተፈትቷል፤ ጫፉ በፌስታል ቁራጭ ተጠቅልሏል። ወለሉ ላይ አንድም ጭረት የለም። እግሮቹ በቆሙበት ግን አራት ነጫጭ እድፎች አሉ። ከሪማ አንዱን በጣቷ ነክታ አሸተተችው። ከዚያ ከማጠቢያው አጠገብ ያለውን የልብስ ሳሙና አነሳች። አንዱ ጎኑ ተጠፍጥፏል፤ የሲሚንቶ አሸዋም ተጣብቆበታል።

ጣቢያ ስትደርስ ሀፊዝ ብድግ አለ።

«ወላሂ አስሬዋለሁ! የመሬት ሽቦ ሳላስር ከሰው ቤት ወጥቼ አላውቅም።»

«አርብ አልጠሩህም?»

«ደውለው ነበር። ጁምዓ ላይ ስለነበርኩ ስልኬን ዘግቼዋለሁ። ስወጣ መልሼ ብደውል እትዬ ፀሐይነሽ አነሱ። ‹አትልፋ፣ ተሠርቷል› አሉኝ። እየሳቁ ነበር።»

«ማን እንደሠራው ጠየቅህ?»

ሀፊዝ አንገቱን ደፋ። «አልጠየቅኩም።»

«አብሽር» አለችው፤ «ተነስ፣ አብረን እንሄዳለን።»

ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ ቀጠሮ በፊት፣ ሁሉም በእነ እንድርያስ ሳሎን ተቀመጡ።

«ምድጃው ከውስጥ ኤሌክትሪክ እያፈሰሰ ነበር» አለች ከሪማ። «ብሬከሩ የወረደው ለዚህ ነው፤ እያስጠነቀቀ ነበር። አንድ ሰው የሚፈሰውን ወደ መሬት የሚወስደውን የመሬት ሽቦ ፈታው። ብሬከሩ መውረዱን ተወ፤ ኤሌክትሪኩ ግን የምድጃው አካል ላይ ቀረ። ሀፊዝ አይደለም፤ እሱ ቢሆን የሚጠቀልለው በቴፕ ነበር እንጂ በፌስታል አይደለም። ሟቿ ራሳቸው ‹ተሠርቷል› ብለውታል፤ ስለዚህ የፈታው የቤት ሰው ነው።»

ሊዲ አባቷን አየቻቸው።

«ሽቦው ያለው ከኋላ ነው፤ ምድጃውን ሳያወጡ አይደረስበትም። አንድ ሰው ጎትቶት ቢሆን ወለሉ ይጫር ነበር። ፎቶው ላይ ካሉት የድሮ ባልደረቦችዎ ለአንዱ ደውዬ ጠየቅሁ፣ ጋሽ እንድርያስ። ከባድ ማሽን እንዴት እንደምታንሸራትቱ ነገረኝ። ወለሉን ሳሙና ትቀቡታላችሁ።»

እንድርያስ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

«ሳሙናው ወለሉ ላይ ቀረ» አለች ከሪማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ፀሐይነሽ እሱን ሊያጥቡ ጎንበስ አሉ። ምድጃውም በርቶ ነበር።»



«ለእሑድ የጸሎት ኅብረት ዳቦ ልትጋግር ፈልጋ ነበር» አሉ እንድርያስ።

«እኔ ታስሬ እያዩ ጋሼ?» አለ ሀፊዝ።

«አርብ ለጎረቤቱ ሁሉ ስትደውል ሰማኋት። ‹እንድርያስ ሠራልኝ› ትላለች። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን።» ዓይናቸው ደረቅ ነው። «ከተናገርኩ ያቺ አንድ ቀንም ልትጠፋብኝ ሆነ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

ከሪማ የሀፊዝን ስልክና መታወቂያ መለሰችለት። ሀፊዝ ወጣ። እንድርያስ ከፖሊሶቹ ጋር ከመሄዳቸው በፊት እጄን ልታጠብ አሉ። ሊዲ ቧንቧውን ከፈተችላቸው። ሳሙና አልሰጠቻቸውም።