የቆራረጥኩት በር ጮኸ

ጋኔን፣ የቀትር ምናምን የሚባል ወሬ ሲጀመር «እናንተ ቀጥሉ፣ እኔ ሥራ አለኝ» ብዬ የምነሳ ሰው ነኝ፣ ሥራ እንኳን የለኝም፣ ተመርቄ ሸዋ ሮቢት እናቴ ቤት ቁጭ ነው፣ ግን ይሄን እንደሆነው ነው የምነግራችሁ።

የጭቃ ቤታችንን አፍርሰን በብሎኬት እያሠራን ነበር፣ ፊቱ ፈርሶ የኋላው ክፍል ብቻ ቀርቷል፣ እናቴ ቀትር ላይ እዛ ነው የምትተኛው፣ የኛን አገር ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ከጭቃ ቤት ሌላ የሚያስተኛ የለም። እኔ ደግሞ የድሮውን የዋንዛ በር በመጋዝ ቆራርጬ የፎቶ ፍሬም ልሠራበት ተነሳሁ፣ ለየዘመዱ ከቤታችን ማስታወሻ ይድረሰው ብዬ።

«አንቺ ልጅ፣ ለአዲሱ ቤት በር ሳይገባለት አሮጌው አይቆረጥም» አለችኝ እናቴ።

«ማነው ያለው?»

«የወለደችሽ።»

«እማዬ፣ ሂጂ ተኚ በቃ።»

ገባች። እኔ ማንጎው ጥላ ሥር ሳንቃውን በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግኩ ነው፣ ውሻ እንኳን አይንቀሳቀስም፣ መጀመሪያ የሆነ ነገር ጫር ጫር አለ፣ እጄ ነው ብዬ አቆምኩ፣ ጫር ጫሩ ግን አላቆመም፣ ከዚያ በሩ ጮኸ። ያ በር ሲከፈት የታመመ ፍየል ነው የሚመስለው፣ ከልጅነቴ የማውቀው ድምፅ ነው፣ አልሳሳትም። እመኑኝ፣ በሩ ተቆራርጦ እግሬ ሥር ነው፣ ማጠፊያው ተነቅሎ ጣሳ ውስጥ ነው።

ዞር ስል እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች፣ ያ በር ከጮኸ ከሞት እንቅልፍም ቢሆን እንግዳ ልትቀበል ትነሳለች።

«ማነው የመጣው? ግቡ አትይም?»

«ማንም አልመጣም።»

«በሩን ማን ከፈተው ታዲያ?»

ሳልመልስላት ከኋላዋ ግድግዳው እንደደከመው ሰው ቀስ ብሎ አልጋዋ ላይ ተጋደመ።

አቧራው እስኪወርድ እጇን ይዤ ቆምኩ፣ ከዚያ ሳቅኩም አለቀስኩም፣ የቱ እንደቀደመ እንጃ። እንደዛ ቀሎኝ አያውቅም፣ እናቴ አለችልኝ፣ ሌላው ገደል ይግባ። ግንበኛው «ዝናብ የበላው ግድግዳ ነው» አለን፣ እሺ፣ ግድግዳውስ ይሁን።

ፍሬሞቹን ጨርሼ ለዘመዱ አደልኩ፣ አንዱን አዲሱ ቤት ሲያልቅ ለኛ ሰቀልኩ። ባለፈው አንዱ ፍሬም የደረሳት አክስቴ ከደብረ ሲና ደወለች።

«አንቺ፣ ትናንት ቀትር ላይ የናንተ በር ሲከፈት ሰማሁ ልበል?»

«ወጣሽ?»

«ወጣሁ፣ ማንም የለም።»

«ቤቱስ?»

«ቤቱ ምን ይሆናል፣ ቆሟል።»

ተነፈስኩ። «ለማንኛውም ቀትር ላይ ደጅ ዋይ» አልኳት።

«ለምን?» አለችኝ። ምን ልበላት፣ እኔ ራሴ ፍሬሙን ከሰቀልኩ ወዲህ ቀትር ላይ ቤት ገብቼ አላውቅም።