ከአጥሩ ወዲያ የመጣ መስመር

አንጓች ጠዋት ዓይኗን ከመግለጧ በፊት ጆሮዋን ነበር የምትከፍተው። ከአልጋው ግርጌ የተቀመጠው የኦክስጅን ማሽን «ሽሽሽ» ብሎ ይስባል፣ ጥቂት ያዝ ያደርጋል፣ ከዚያ «ጧ» ብሎ ይለቃል፤ ያንን ሦስት ጊዜ ከሰማች ባሏ ይመር ሌሊቱን አድሯል ማለት ነውና ተነስታ ቁርስ ታሰናዳለች። ከማሽኑ ቀጥሎ የሚመጣው የይመር ሳል ነው፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ቀበቶው እንደላላ ወፍጮ የሚንሸራተት ፉጨት። ሃያ ስድስት ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርቷል። ሌላው ሰው ዱቄት በሆዱ ይበላል፤ ይመር በሳንባው በላ። ማሽኑን አብረውት የሠሩት ሰዎች አዋጥተው ነው የገዙለት። ሐኪሙ ያለ ኦክስጅን እንዳይውል፣ እንዳያድር ብሎ አንጓችን ሁለት ጊዜ አስደግሞ አስጠንቅቋታል። መብራት ሲጠፋ የምትከፈት አንዲት ትንሽ ሲሊንደርም ሰጥቷታል፤ ሁለት ሰዓት ትቆያለች። ከቁም ሳጥኑ ጎን በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍና ቆማለች፣ ለክፉ ቀን።

ቤታቸው ደሴ ውስጥ፣ ከተራራው ወገብ ላይ፣ ከሌላ ግቢ ተከፍሎ የተሸጠ ሁለት ክፍል ነው፤ የራሱ ቆጣሪ የለውም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መብራት የወሰዱት ከጎረቤታቸው ከጋሽ ውብሸት ነበር። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ጋሽ ውብሸት ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የመጣ ሰው መልካም ወሬ ይዞ አይመጣም።

«አንጓች፣ ቤቱን ሸጥኩት። ገዢው ሊያፈርሰው ነው። ቆጣሪው ቅዳሜ ይነሳል።»

«ጋሼ፣ ይመርስ?»

«እሱን አስቤ እኮ ነው ቀድሜ የነገርኩሽ» አሉ። ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

አንጓች በዚያው ቀን ሰፈሩን ዞረች። መስመር ሊያሻግሩላት የሚችሉት ሦስት ቤቶች ነበሩ። ከላይ በኩል ያሉት እትዬ ዘምዘም እሺ አሉ፤ ግን ምጣድ የለም፣ ካውያ የለም፣ ማታ ሲተኙም ዋናውን ማብሪያ ያወርዱታል። ሽቦ ውስጥ እሳት ሲሄድ እየሰሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

«የይመር ማሽንስ፣ እትዬ?»

«እሱም ይተኛ እንጂ! ሌሊት ምን ይሠራል?»

ከታች ያለው የብየዳ ቤት በደስታ ሰጣት። ግን ብየዳው ብረት በነካ ቁጥር አምፖሉ ይጨልማል፣ ማሽኑም ጮኾ ይቆማል፤ ለግማሽ ሰዓት ሞክራው የይመር ከንፈር እንደ በሰለ እንጆሪ ጠቆረ።

የቀረው ከጓሮው አጥር ወዲያ ያለው የእማማ ትርንጎ ቤት ነበር። ያ ቤት በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሲዘፈንበትም ሲለቀስበትም ሰምታ አታውቅም፤ ቆርቆሮ በሩ ዝናብ ሲመታው ብቻ ነው ድምፅ የሚያወጣው። ስታንኳኳ እማማ ትርንጎ በሁለት ምርኩዝ እየተጎተቱ መጥተው በሩን በአንድ ጣት ስፋት ከፈቱላት። ቆዳቸው ከአጥንታቸው ላይ በውሰት የተሰጣ ይመስላል።

«ውሰጂ ልጄ» አሉ፣ ገና ጥያቄዋን ሳትጨርስ። «ምጣድ ብትይ፣ ካውያ ብትይ። የእኛ መስመር አይጠፋም።»

«ክፍያውስ፣ እማማ?»

«ጎረቤት አይደለንም እንዴ? እናንተ ብቻ እንዳትነቅሉት።»

ሰው ከሦስት አንዱን ሲመርጥ ምንም ያልጠየቀውን ይመርጣል፤ አንጓችም እንደ ሰው መረጠች።

ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን ሞላልኝ መጥቶ ሽቦውን ዘረጋ፤ ከበሩ ጎን ግድግዳው ላይም የሚወስዱትን መብራት የሚለካ አሮጌ ንዑስ ቆጣሪ ሰቀለ። ቁጥሩ 2140 ላይ ነበር። የሽቦውን ጫፍ በአጥሩ ላይ ሲያሻግረው ከወዲያ አንዲት እጅ ወጥታ ተቀበለችው። ነጭ፣ ከልክ በላይ ረጅም፣ ጥፍር የሌላት እጅ።

«እኛ እንቀጥለዋለን» አለ የወንድ ድምፅ፣ ከመሬት ተጠግቶ፣ የተኛ ሰው እንደሚያወራው።

ሞላልኝ ከመሰላሉ ሲወርድ ላብ አጥምቆት ነበር። «የታመመ ሰው አለ መሰለኝ እዚያ ቤት» አለና መሰላሉን አነሳ።

መብራቱ መጣ። ብርሃኑ ቢጫ ነው፤ እንደ ረጋ ዘይት የሚወፍር፣ ከጠረጴዛው አልፎ ጥግ ድረስ የማይዘልቅ፣ ጥጉንም ቀድሞ ከነበረው የበለጠ የሚያጠቁር። ከአምፖሉ ዙሪያ ብዙ ሰው በር ዘግቶ ያደረበት ክፍል ጠዋት ሲከፈት የሚወጣው የሞቀና የኮመጠጠ ሽታ ይመጣ ነበር። ማሽኑ ግን ያለማወላወል ሠራ፤ አንጓችም መስኮቱን ከፍታ ሽታውን ለመደችው።

በሳምንቱ ሞላልኝ ሊያይ መጣ፤ ቆጣሪው ፊት ቆሞም ራሱን አከከ። ቀይ ምልክት ያላት ክብ ቆርቆሮ ወደ ግራ ትዞራለች፣ ቁጥሩ 1902 ይላል።

«ወደ ኋላ እየቆጠረ ነው» አለ።

«መጥፎ ነው?»

«በሥራ ዘመኔ አላየሁም። ግን አንጓች፣ ወደ ኋላ ተቆጥሮለት የከሰሰ ሰውም አላየሁም። ዝም ነው።»

አንጓች ዝም አለች። እንዲያውም በልቧ እንደ በረከት ያዘችው።

በነሐሴ መባቻ ጉም ከተራራው ወርዶ ሰፈሩን በእኩለ ቀን አጨለመው፤ መብራትም በየቤቱ ሦስት ቀን ጠፋ። የአንጓች ቤት ብቻ በጉሙ ውስጥ እንደ ታመመ ዓይን ቢጫ ሆኖ በራ። ጎረቤቱ ሁሉ ስልኩን ይዞ መጣ፤ ጠረጴዛው በስልክ ተሞላ። በማግስቱ እትዬ ዘምዘም ስልካቸውን እንደ ሞተ ጫጩት በሁለት ጣት አንጠልጥለው ተመለሱ።

«አንቺ! ሞልቷል ብለሽ የሰጠሽኝ ደጄ ላይ ስደርስ ሞተ። የሁሉም እንደዚያው ነው። የአንቺ መብራት ያጠግባል እንጂ አያወፍርም!»

«ስልኩ አርጅቶ ይሆናል፣ እትዬ።»

«እኔ ነኝ ያረጀሁት። አንድ ሰዓት እዚህ ተቀምጬ ወጥቼ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ዳገቱን በልጄ ትከሻ ነው የወጣሁት።»

አንጓች ሳቀች። እትዬ ዘምዘም ግን ወደ አምፖሉ ቀና ብለው አዩና ሳይቀመጡ ሄዱ።

በዚያው ሰሞን የይመር ሳል ቀነሰ። በመጀመሪያ ፉጨቱ ጠፋ፣ ቀጥሎ ረጅሙ፣ በመጨረሻ ሁለቱ አጫጭሮች። አንጓች ለሰው ሁሉ «ተሽሎታል» አለች። እውነትም አያስልም፣ አያቃስትም፣ በረደኝ አይልም። ስታገላብጠው ግን እንደ ጭድ ከረጢት ቀሎ እጇ ላይ ይቀራል፤ አንድ ቀን ፊቱን በፎጣ ስታብሰው የጉንጩ ቀለም ፎጣው ላይ የሚቀር መሰላት። የማሽኑም ድምፅ ተለውጦ ነበር። ስቦ ያዝ ሲያደርግ ከበፊቱ ይቆያል፤ «ጧ» የሚለው ከመምጣቱ በፊት የሆነ ነገር የሚያዳምጥ ይመስላል።

«አንጓች» አለ ይመር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ማለት ይቻላል። «ይስባል እንጂ አይሰጥም።»

«ምኑ?»

«ይሄ ቱቦ። ከእኔ ነው የሚወስደው።»

«ከአንተ ምን አለና ይወስዳል?» አለች፤ ቀልዷ ነበር፤ እሱ ግን አልሳቀም።

«ሲሊንደሯን አምጪልኝ። ለአንድ ሰዓት ብቻ። የእሷ አየር ቀዝቃዛ ነው፤ አውቀዋለሁ።»

«መብራት ሳይጠፋ? እሷ ለክፉ ቀን ናት፣ ይመርዬ። ልጅ አትሁን።»

ጥልፉን ጨርቅ አስተካክላ አለበሰቻት። ይመር ጨርቁን እያየ ዋለ።

ማክሰኞ በስምንት ሰዓት ቆጣሪው 0031 ነበር። አንጓች ማብሪያዎቹን ሁሉ አጥፍታ፣ ማሽኑን ብቻ ትታ ቆመችና አየችው፤ ቆርቆሮዋ አልዘገየችም። አንጓች ትንፋሿን ስትይዝ ቆርቆሮዋ ዝግ አለች፤ አንጓች ስትተነፍስ ፈጠነች። ያን ጊዜ ነው ሻሿን ሳታስር በጓሮ ዞራ ወደ እማማ ትርንጎ የሮጠችው።

ጉሙ በመንገዱ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ከቤቱ በላይ ብቻ ትንሽ ተከፍቷል። አንጓች ቀና አለች። ከመንገዱ ምሰሶ ወደ እማማ ትርንጎ ቤት የሚገባ ሽቦ የለም፤ የተቆረጠም፣ የተንጠለጠለም የለም። ወደዚያ ቤት የሚገባው ሽቦ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከእሷ ጣሪያ የሚነሳው።

ቆርቆሮ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እማማ ትርንጎ ያለ ምርኩዝ፣ ወገባቸውን ታጥቀው ደጁን ይጠርጋሉ። ከሻሻቸው ያመለጠው ጸጉር ሥሩ ጠቁሯል። ከኋላቸው፣ ከጨለማው ክፍል ውስጥ፣ አንድ ረጅም ነገር ከአልጋ ለመነሳት ግድግዳውን በእጁ ይዳብሳል። ከዚያ ሳለ። ሁለት አጭር። አንድ ረጅም። መጨረሻው ላይ፣ ቀበቶው እንደላላ ወፍጮ፣ ፉጨት።

«ማነው… እሱ?»

«ልጄ ነው» አሉ እማማ ትርንጎ፣ መጥረጊያቸውን ተደግፈው፤ ፊታቸው በእናት ደስታ ወዝቷል። «ስንት ዘመን ድምፅ የለውም ነበር። ይኸው ጀመረልኝ። እግዜር ይስጥሽ፤ ትንሽ ናት የቀረችው።»

አንጓች ስትመለስ ማሽኑ «ሽሽሽ» እያለ ነበር። «ጧ» የለም። ይስባል፣ ይስባል፣ ይስባል። ሶኬቱን ነቀለችው፤ አልቆመም። ቱቦውን ከይመር አፍንጫ ስትመነጭቀው አምፖሉ አንዴ ጠቆረና ሁሉም ጸጥ አለ። ደጅ ላይ ቆጣሪው 0000 ላይ ቆሟል። የይመር ዓይን ወደ ጥልፉ ጨርቅ እንደዞረ ነበር። አንጓች ጨርቁን ጥላ ሲሊንደሯን ከፈተች፤ ቀዝቃዛው አየር ፊቱ ላይ ነፈሰ፣ ነፈሰ። ሐኪሙ እንዳለው ልክ ሁለት ሰዓት ቆየች።

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። የሰፈሩ እድር፣ የቅሬው ሰዎች አግዳሚ ወንበርና ድንኳን አመጡ፤ ድንኳኑ ግን ዝናቡን ስላልቻለ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ሁለቱ ክፍሎች ገባ። ሰው ከሰው ተጣበቀ። እርጥብ ጋቢ፣ እርጥብ ጫማ፣ ከላይ ደግሞ ማንም ሳያበራው የበራው ወፍራም ቢጫ ብርሃን። እማማ ትርንጎም ቀጥ ብለው እየተራመዱ መጡ፤ አንጓችን አቅፈው «አይዞሽ። ሰው አይጉደልብሽ» አሏት። ወዲያው ሄዱ።

አንጓች ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ቆጣሪውን አየች። ከዜሮ ወደ ኋላ ሲሄድ ቁጥሩ 9999 ይሆናል፤ አሁን 9640 ደርሷል፤ የቆርቆሮዋ ቀይ ምልክት ከፍጥነቷ የተነሳ አይታይም። ልትጮህ አፏን ስትከፍት ነው ከአጥሩ ወዲያ የሰማችው።

ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ፉጨት።

ባለችበት ቀረች። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ጋብ ብሎ ግማሹ ሰው ሲወጣ ሳሉ ደከመ፣ ተንተባተበ፣ የሚታነቅ ሰው ድምፅ ሆነ። አዲስ ለቀስተኞች ሲገቡ ተመለሰ፤ ጠራ፤ ቃልም ያዘ።

«አንጓች» አለ። የይመር ድምፅ ነው፤ ወይም የይመር የነበረው ድምፅ። «አንጓችዬ፣ አየሩ ጥሩ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ሞላልኝ መቁረጫውን ይዞ መጣ። ከመጣ ጀምሮ ያዛጋል፤ ሁሉም ያዛጋሉ፤ በሩ አጠገብ ያሉት ሁለት ሽማግሌዎች ከጠዋት ጀምሮ አንገታቸውን ደፍተው አልተንቀሳቀሱም። «ሽቦውን ላንሳልሽ አንጓች?» አላት። «ማሽኑ ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል?»

«ተወው» አለች። «ለቅሶ ቤት መብራት አይጠፋም። ይልቅ ቁጭ በል፤ አልበላህም።»

እሱም ተቀመጠ። ከአጥሩ ወዲያ ሰው በሁለት እግሩ ቆሞ አንድ እርምጃ ሲራመድ ተሰማት።

እትዬ ዘምዘም ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «እኔስ ልሂድ ልጄ፤ ጉልበቴ ከዚህ ቤት አይስማማም» አሉ። አንጓች ፈጥና ደረሰች፤ ክንዳቸውን በአክብሮት ይዛ ከአምፖሉ ሥር ባለው ወንበር ላይ መልሳ አስቀመጠቻቸው፣ ጋቢውንም ጉልበታቸው ላይ አለበሰችላቸው።

«ወዴት ይሄዳሉ፣ እትዬ፣ በዚህ ዝናብ?» አለች። «ትንሽ አረፍ ይበሉ፤ ስልክዎንም ይስጡኝ፣ ልሰካልዎት።»