ከባልዲው ሥር የተሰማው ቃል

ሬሳው ከተነሣ በኋላም የሎደሩ ባልዲ ያረፈበትን ጭቃ የሚረግጥ ሰው አልተገኘም። ሠራተኞቹ ዞረው ያልፋሉ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማሽኑ ያጉረመርማል ብለው የሚምሉም አሉ። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ እንዲህ ያለ ወሬ አትወድም። ቢሆንም ግቢው ውስጥ ስትገባ የጃኬቷን ዚፕ እስከ አንገቷ ሳበች።

ሟቹ ቦይ የሚቆፍር፣ ግቢና መናፈሻ የሚያስውብ ሥራ ተቋራጭ ነበር። ለድርጅቱ ከፊቱ ባለው ባልዲ አፈር የሚዝቅ ትንሽ ሎደር ሊመርጥ ሁለት ማሽኖች ለሙከራ አስመጣ፤ አንዱ ባለ ጎማ፣ ሌላው ባለ ሰንሰለት። የገደለው ባለ ሰንሰለቱ ነው፤ ባልዲው ወረደበት። ወንበሩ ላይ የኦፕሬተሩ ጃኬት ስለተገኘ እሱ ታሰረ፤ ነገ በነፍስ ግድያ ይከሰሳል።

«ሞቆኝ ነው ያወለቅኩት» አለ ኦፕሬተሩ በካቴና የታሰሩ እጆቹን እያየ። «ናፍጣ ላመጣ ከመጋዘኑ ጀርባ ሄድኩ። ያየኝ ሰው የለም። እህቴ፣ ልጆች አሉኝ።»

መርፌ ቁጢጥ ብላ መሬቱን አየች። ሰንሰለቱ ሣሩን ከነሥሩ ነቅሎታል። ከማሽኑ በስተኋላ ደግሞ ለሙከራ የተቆፈረው ቦይ አፋፍ ተንዷል።

የማሽን ሻጩ ሳይጠሩት መጣ። «ባለ ሰንሰለቱ ጭቃ ላይ አይሰምጥም፣ እመቤቴ። ክብደቱን ስለሚያሰራጭ...»

«ልገዛ አልመጣሁም። ሣሩ ለምን እንዲህ ሆነ?»

«በቆመበት ካሽከረከሩት ይቦጫጭቃል፤ ሰንሰለቱንም ያስወልቃል። ሥራውን የሚያውቅ ኦፕሬተር ሰፋ አድርጎ ነው የሚዞረው።»

«በሰዓቱ የት ነበርክ?»

«በር ላይ ስልክ እያወራሁ። ሟቹ ‹ውረድ› ብሎ ሲጮህ ሰምቻለሁ።»

የሟቹ ሚስት ከቢሮዋ መስኮት አልተነሣችም። «‹ኧረ ውረድ! ኧረ ውረድ!› አለ። ሲመሽ አሁንም እሰማዋለሁ። መስኮቱን ብዘጋውም ይሰማኛል» አለች።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ዓይኑ ደም መስሏል። እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል።

«ባለ ጎማው ይገዛ ትል ነበር አሉ» አለችው መርፌ።

«አዎ። ባለ ሰንሰለቱ የሰው ሣር ያበላሻል፣ አስፋልት ላይ ይንቀራፈፋል አልኩት። እሱ ግን ‹ሥራችን ጭቃ ነው› ብሎ ድርቅ አለ። ኦፕሬተሩን ልቀቁት። ወንድሜ ራሱ ነው ‹አውርድ› ያለው። ኦፕሬተሩ የታዘዘውን ነው የፈጸመው።»

ሊመሻሽ ሲል መርፌ ሁሉንም ማሽኑ ዘንድ ሰበሰበች። ሻጩ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሣ፤ እሷ ባልዲው ፊት ቆማ ጮኸች። ሚስትየው ደነገጠች።

«ምን አልኩ?» ብላ መርፌ ወደ ጋቢናው ጠየቀች።

«‹አውርድ› አልሽ!» አለ ሻጩ።

«አይደለም፣ ‹ኧረ ውረድ› ነው ያለችው!» አለ ኦፕሬተሩ ከውጭ።

«የመካከሏን ‹ረ› ሞተሩ ይውጣታል» አለች መርፌ። «ውጭ የነበሩት ሁሉ የሰሙት ‹ውረድ› ነው። ‹አውርድ› ብሎ የሚሰማው ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ ማሽኑን በቆመበት አሽከርክሯል፤ ኦፕሬተር ይህን አያደርግም። ሣሩ እንደሚበላሽ ለማሳየት የፈለገ ሰው ግን ያደርገዋል።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «አንተ ደግሞ ግባ።»

ሻጩ ወርዶ ቦታውን ለቀቀለት። ወንድምየው ወጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መርፌ ስትጮህ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ።

«‹አውርድ› ነው ያለኝ! ባልዲው ከፍ ብሎ ነበር፣ ‹አውርድ› ሲለኝ አወረድኩት! ጠዋት ማታ ይለኛል፣ አሁንም ይለኛል!»

«እሱ ያየውን አንተ አላየህም» አለች መርፌ። የቦዩን አፋፍ በጣቷ አመለከተች። «አፈሩ ከኋላህ እየተናደ ነበር። ከዚህ ማሽን የሚወረደው በፊት ለፊት ነው፤ ስለዚህ እጅህን ይዞ ሊያወርድህ ባልዲው ሥር ገባ። ከዚያ አንተ ሮጥክ፣ ጥፋቱን ለሌላ ተውክ።»

ወንድምየው አለቀሰ። ኦፕሬተሩን ይዞ የመጣው ፖሊስ ቢጠራውም መያዣውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ከወንበሩ አልነቃነቅ አለ።

ሚስትየው ሌላው የሚሸሸውን ጭቃ ረግጣ ጋቢናው ድረስ ሄደች። እጇን አስገብታ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ጸጥ አለ።

«ውረድ» አለችው።

ቃሉ ሳይጎድል ደረሰው። ወረደና፣ ከኦፕሬተሩ እጅ ለወለቀው ካቴና የራሱን እጅ ዘረጋ።